የእትዬ ዘነበች የስለት ዱባ

አበባው ሞልቶ ተርፎ ፍሬው ጠፍቶባችሁ ያውቃል? ዱባ ወይም ዙኪኒ ተክላችሁ፣ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ቢጫው አበባ በየጠዋቱ እየፈካ መንገደኛውን ሁሉ ካስቆመ በኋላ፣ አንድ በአንድ ጠውልጎ ረግፎ ባዶ ሐረግ ታቅፋችሁ ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? ደርሶባችሁ ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም። ባለፈው ሰመር የድሮ ተማሪዬ ሜሮን በዚሁ ጉዳይ ደወለችልኝ። በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠርኳት ሜሮን ዛሬ ካልጋሪ ሬድስቶን ሰፈር ቤት ገዝታ፣ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ጓሮዋን ታለማለች።

«ቲቸር፣ ሶሪ፣ ዲስተርብ አደረግኩዎት? ዙኪኒዬ፣ ላይክ፣ አበባ ብቻ ነው የሚያወጣው። ፍሬ የለም። ውሃ አጠጣለሁ፣ ፈርቲላይዘር ገዛሁ፣ ኤቭሪቲንግ ትራይ አድርጌያለሁ።»

«ጓሮሽ ውስጥ ሌላ አበባ አለ?»

«ኖ፣ ኖ። ሁሉንም ክሊን አድርጌዋለሁ። ሣርና ዙኪኒ ብቻ። ሱፐር ኒት ነው።»

ይህን ስትል ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ የተቀየመች መሰለኝና ይቅርታ ጠየቅኳት፤ የሳቅኩት ግን በእሷ አልነበረም። «ሱፐር ኒት» የሆነ ጓሮ ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሌላ መሬት፣ ሌላ ዘመን ነው። ሬድስቶን የሚባል ሰፈር ገና ያልተወለደበት፣ ቦታው ነፋስ የሚጋልብበት ሜዳ የነበረበት ዘመን። ዓመቱን በትክክል አትጠይቁኝ። ካሴት በሲዲ መተካት ጀምሯል፤ ግን ሲዲ ያለው ሰው ጥቂት ነው። አገር ቤት የምንደውለው በስልክ ካርድ ነው፤ ካርዱን በሳንቲም ፍቀን፣ ቁጥሩን ነክተን ሳንጨርስ ደቂቃው ያልቅብናል። ወንዶቹ ሁለት ሰው የሚያስገባ ጂንስ፣ ትከሻው ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ያለበት የሚንኮሻኮሽ ዊንድብሬከር እንለብሳለን። እኔም አንድ ነበረኝ። ስራመድ ድምፁ ከእኔ ቀድሞ ይደርስ ስለነበር ተማሪዎቼ ሳልገባ ዝም ይሉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያን ያህል የተከበርኩበት ልብስ አላገኘሁም።

ፎረስት ሎን ያኔም የስደተኛ ሰፈር ነበር። ዛሬ ማክስ ፐርፕል አውቶቡስ ሽው የሚልበት ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ያኔ አውቶቡስ ቆመን የምንጠብቀው እግራችንን እየወዘወዝን ነው። ጥግ ላይ የቬትናሞቹ ሾርባ ቤት አለ፤ መስኮቱ ክረምት ከበጋ በእንፋሎት እንደተሸፈነ ነው። ከጎኑ ያገለገለ ሶፋ የሚሸጥ ቤት፣ ቀጥሎ ቪዲዮ የሚያከራይ ሱቅ። ዶናት ቤቱ ውስጥ ከሁለት ዶላር ላይ መልስ ተቀብሎ ቡናውን ከነዶናቱ ይዞ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ ሰው ነበር፤ ማንም ተነስ አይለውም። እኔ በዚያን ጊዜ አገር ቤት ሳይንስ አስተምሬ የመጣሁ፣ ማስተማሩ ከደሜ ያልወጣ ወጣት ነኝ። ሥራዬ መኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መስጠት ነው። በቅዳሜ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ትኬት ለሚወስዱ ሾፌሮችም ቢሆን፣ ጊዜ ካላቸው፣ አንድ ሁለት ነገር አስረዳ ነበር። ብዙዎቹ ጊዜ አልነበራቸውም።

እትዬ ዘነበችን ያወቅኳቸው እዚያ ምድር ቤት ነው። የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ግሸን ማርያም ካለችበት ተራራ ሥር ያደጉ። አጠር ደልደል ያሉ፣ ሲናደዱም ሲስቁም ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሴት። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ በጠዋት ሺፍት ይሠራሉ፤ ችግሩ ሺፍቱ የሚጀምረው የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመድረሱ በፊት መሆኑ ነው። አለቃቸው መኪና ከሌለሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ስላላቸው መንጃ ፈቃድ የሞት የሽረት ጉዳይ ሆነ። የመንገድ ፈተናውን ደጋግመው ወደቁ። በመጨረሻ የደረሳቸው ቀጠሮ ደግሞ ፈረንጆቹ ዱባ ቀርጸው በየበረንዳው በሚያስቀምጡበት ሰሞን ሆነ። ካልጋሪን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ሰሞን መንገዱ እንደ መስታወት ነው።

የሆነውን እሳቸው ናቸው መቶ ጊዜ የነገሩን፤ እኔም በራሳቸው አፍ ልንገራችሁ።

«ፍሬን ስይዝ መኪናዋ አልሰማ አለች። ሸርተት፣ ሸርተት… ፈታኙ ዳሽቦርዱን ሙጭጭ አለ። ከፊቴ የሰው በረንዳ። በረንዳው ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ዱባ! ‹ግሸን ማርያም፣ ከዚህ አውጪኝ፣ ፈቃዱንም ስጪኝ፤ በእጄ ያበቀልኩትን ዱባ በበዓልሽ ቀን ለእንግዶችሽ ሁሉ አበላለሁ!› ብዬ ጮህኩ። ዓይኔ ያየውን አፌ ተሳለው፣ ምን ላድርግ? መኪናዋ ጠርዙ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች። ፈታኙ ‹ምንድን ነው ያልሽው?› አለኝ። ‹ፕሬይ› አልኩት። ‹ሚ ቱ› አለኝ።»

ፈታኙ አሳለፋቸው። መሪውን ሳትለቂ አቆምሽ ብሎ እንደሆነ፣ ሁለተኛ አብሯቸው ላለመቀመጥ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እትዬ ዘነበች ግን ማን እንዳሳለፋቸው ያውቃሉ። ስለታቸው እስኪገባ ድረስም ፈቃዱ የተውሶ ነው ብለው አመኑ። መኪናውን ከቤታቸው ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤታቸው ብቻ ይነዳሉ። የግሸን ማርያም በዓል፣ መስከረም ሃያ አንድ፣ ያለ ዱባ ካለፈ ቁልፉን እሰቅለዋለሁ አሉ፤ እሳቸው ያሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው፤ ቁልፉ ከተሰቀለ ሥራውም አብሮ መሰቀሉ ነው። ዱባ ከሱቅ ገዝተው ቢያበሉ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ቄሱ ዘንድ ሄዱ።

«‹በእጄ ያበቀልኩት› ብለሻል?» አሏቸው ቄሱ።

«ብያለሁ አባ።»

«እንግዲህ እኔ ምን ልበልሽ፣ ልጄ? ዝሪያ!»

በረዶ ስምንት ወር በሚቀመጥበት አገር ዱባ መዝራት ቀላል አይደለም። ከፈረንጆቹ የዱባ በዓል በኋላ ጎረቤት ከጣለው ዱባ ፍሬ አውጥተው አደረቁ። ቡቃያውን በዶናት ቤቱ የወረቀት ኩባያ ውስጥ በመስኮት አጠገብ አሳደጉና፣ ግንቦት ውስጥ የሦስት ቀኑ ዕረፍት፣ ሎንግ ዊክንዱ፣ ሲያልፍ፣ ሰፈራችን ውስጥ ወደነበረው የጋራ አትክልት ቦታ አወጡት። እዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ መደብ ይከራያል። የእኔ መደብ ከእሳቸው ቀጥሎ ነበር። ከእኔ ወዲያ ጋሽ ሰይድ አሉ፤ የኮምቦልቻ ሰው፣ ታክሲ ነጂ፣ ድምብላልና ቃሪያ የሚተክሉ፣ የታክሲያቸውን በር ከፍተው ካሴት እያጫወቱ የሚኮተኩቱ። ሁለቱ ወሎዬዎች ሲገናኙ እኔ መስሚያ ብቻ ነኝ።

«ዘነቡ፣ ለማርያም ዱባ ከመሳል በሬ አይቀልሽም ነበር? በሬ እንኳ ስጋ ቤት አለ።»

«ሰይዶ፣ አንተ መሸርተቱ ላይ ብትኖር ታክሲህን ነበር የምትሳል።»

«ወላሂ እሳላት ነበር! ትውሰድልኝ፤ ሞተሯ ገደለኝ።»

ከእትዬ ዘነበች መደብ በሌላ በኩል ደግሞ ዶረቲ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ እኛ በአገራችን ደንብ «እትዬ ዶረቲ» እንላቸዋለን። ባለ ሰፊ ክፈፍ ኮፍያ፣ የወንድ ቱታ፣ ጉልበታቸው ላይ የማይለቅ ጭቃ። የእሳቸው መደብ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰፈር የሚያሳፍር ነበር። ጥቂት ካሮት አለ እንጂ የቀረው ማገጥ የሚባለው ባለ ሦስት ቅጠል ሣር ነው፤ ቢጫ የሣር አበባ ነው፤ ፀጉራም ቅጠል ያለው፣ ኮከብ የመሰለ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው። አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶበታል። ሐምሌ ሲገባ እሳቸው ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ ዱሩም ጭራሽ ወገባችን ላይ ደረሰ።

«ምስኪን፤ አቅም አጥታ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች። «ጎረቤት እያለ የአሮጊት እርሻ ጫካ ሆኖ ያድራል? ነውር አይደለም? ነገ ፈረንጆቹ አበሾቹ ቆመው አዩዋት ይሉናል።»

ለዚህ ነገር በአገራችን አንድ መድኃኒት አለ። ደቦ። በቅዳሜ ትምህርቱ ሲያልቅ ወላጆቹን ይዘን ሄድን። አንዱ መኮትኮቻ፣ አንዱ ማንኪያ፣ አንዱ ባዶ እጁን ይዞ መጣ። ጋሽ ሰይድ ካሴቱን ከፍ አደረጉት። እትዬ ዘነበች አዝማች አወጡ፣ እኛ ተቀበልን፤ በሌላኛው ጫፍ ቲማቲም የምታጠጣ ፈረንጅ ቱቦዋን ጣል አድርጋ አጨበጨበችልን። ያን ሁሉ ማገጥ፣ ያን ሁሉ ሰማያዊና ቢጫ አበባ ከሥሩ እየነቀልን ወደ ኮምፖስቱ ክምር ወሰድነው። ካሮቱን በክብር አተረፍነው። እኔ በግራና በቀኝ እንጨት ተክዬ ሲባጎ ወጠርኩና የመደቡን ጠርዝ በመስመር አስተካከልኩ። ሲያልቅ ቆመን አየነው። አፈሩ ጥቁር፣ ልስልስ፣ እንደተላጨ የሙሽራ አገጭ የሚያበራ ሆነ። የእኛ የሦስታችን መደብ ድሮም ንጹሕ ነበር፤ አሁን አራቱም አንድ ዓይነት አማረ። ሱፐር ኒት።

«ስትመጣ እንዴት ትመርቀን ይሆን!» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

በዚያው ሰሞን ዱባው አበባ ማውጣት ጀመረ። ምን ዓይነት አበባ! የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ የወርቅ ቀለም ያለው። እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ከዚያ አበቦቹ ጠውልገው ወደቁ። ሌሎች ፈኩ፤ እነሱም ወደቁ። አንዳንዶቹ ከሥራቸው ለውዝ የምታህል ዱባ ይዘው ነበር፤ እሷም ቢጫ ሆና በስብሳ ትወድቃለች። ሴትዮዋ ፊታቸው ጠቆረ። ማርያም ተቀይማኛለች፣ ዱባ ብሎ ስለት እንደ ቀልድ ታይቶባት ነው አሉ። እኔ በዳሴ ውስጥ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣሁትን የአትክልት መጽሐፍ እያነበብኩ ስለነበር፣ ምክንያቱን በማግኘቴ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እሳቸውንና ጋሽ ሰይድን ዱባው አጠገብ አቆምኳቸው።

«አንደኛ» አልኩ፣ «ዱባ ሁለት ዓይነት አበባ አለው። ይኼ በቀጭን ዘንግ ላይ የቆመው ወንዴው ነው። ሁለተኛ፣ ይቺ ከሥሯ እብጠት ያላት ሴቴዋ ናት። ሦስተኛ፣ ከወንዴው የአበባ ዱቄት ተነስቶ ሴቴዋ ላይ ካልደረሰ ፍሬ የለም። አራተኛ…»

«ኧረ አራተኛውን ተወው! ጎን ለጎን ቆመው ምን ይጠብቃሉ ታዲያ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«የሚያገናኛቸው። ንብ።»

ጋሽ ሰይድ ወንዴውን አበባ ጎንበስ ብለው አዩት። «ሽማግሌ ሳይላክ ሴት ልጅ አይነካም ማለት ነው። ጨዋ ዱባ ነው፤ የወሎ ሳይሆን አይቀርም።»

ንብ ታዲያ የት አለ? ጸጥ ብለን አዳመጥን። ከመንገዱ የመኪና ድምፅ በቀር እዝ የሚል ነገር አልነበረም። እኔ አስተማሪ ነኝና መፍትሔ ሳልሰጥ አልሄድም። ንብ ጣፋጭ ትወዳለች ብዬ አሰብኩ፤ ይህ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራሴ የመጣ ነው። ስኳር በውሃ በጥብጬ በየድንጋዩ ላይ በሳህን አስቀመጥኩ። በማግስቱ ከሥራ በኋላ ስንመጣ እዝታው ከበሩ ይሰማል። እትዬ ዘነበች «መጡልን!» ብለው ሮጡ። የመጡት ተርቦች ነበሩ። የሰፈሩ ተርብ በሙሉ ሳህኑ ላይ ድግስ ተቀምጧል፤ አበባውን ዞር ብሎ ያየ አንድም የለም። ጋሽ ሰይድ ሳህኑን በእግራቸው ሊገፉ ሞከሩ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጃኬታቸውን በራሳቸው ላይ ደፍተው ታክሲው ውስጥ ሲገቡ፣ መስኮቱን ዘግተው ሲቀመጡ ነው። አንድ ተርብ አብሯቸው ገብቶ ነበር። በሌላኛው በር ወጡ።

«ቲቸር!» አሉኝ ከሩቅ፣ ጆሮአቸውን ይዘው። «አንደኛ፣ አንተን ብሎ አስተማሪ! ሁለተኛ፣ የለውም!»

ቀጥሎ በእጅ ማዳቀል እንደሚቻል አነበብኩ። ወንዴውን ቀጥፎ ሴቴዋ ላይ ማሸት ነው። ግን የዱባ አበባ ጎሕ ሲቀድ ይከፈትና ረፋድ ላይ ይዘጋል፤ ማታ ላይ ብትሄዱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። በዚያ ሰዓት እትዬ ዘነበች ሺፍት ላይ ናቸው። እኔም ዳስ ውስጥ ነኝ። የጋራችን ዕረፍት እሑድ ነው፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ቅዳሴ አለ። ጠዋት ነፃ የሆኑት ጋሽ ሰይድ ብቻ ሆኑ።

«እኔ እድራቸዋለሁ» አሉ፣ እጅጌአቸውን እየሰበሰቡ። «የግሸንን ዱባ እስላም ዳረው ቢባል፣ ወሎ ውስጥ ማን ይደንቀዋል?»

«ሰይዶዬ፣ በሃይማኖትህ አይደለም» አሉ እትዬ ዘነበች። «በእጄ ብያለሁ። በእጅህ ከሆነ ስለቱ ያንተ ነው። ንብ ከሆነች ግን የማንም እጅ አይደለችም፤ የማርያም የራሷ ናት።»

ይህን ክርክር የሚረታ ሰው አልተገኘም። ዛሬ ለተማሪዎቼ ስለ ንብ ሳስተምር ብዙ ነገር እላለሁ፤ ያኔ የገባኝ ግን ቀላሉ ነገር ነው። ንብ ሺፍት የላትም። አበባው በተከፈተበት ሰዓት ሥራዋ ላይ ናት፤ እኛ ሁላችን የሰው መኪና ስንጠብቅና የሰው አልጋ ስናነጥፍ።

እትዬ ዶረቲ የተመለሱት እንዲህ ሆነን ሳለ ነው። ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ከበሩ ሲገቡ እኛ ሦስታችን ተሰልፈን፣ ምርቃቱን ለመቀበል ፈገግ ብለን ቆምን። መደባቸው ጋ ደረሱ። አዩት። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ፤ የተሳሳተ ቦታ የመጡ መሰላቸው መሰለኝ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ሰው ሲቀበር እንደሚወለቀው።

«ማነው እንዲህ ያደረገኝ?» አሉ በእንግሊዝኛ፣ በጣም ቀስ ብለው።

እትዬ ዘነበች ደረታቸውን በኩራት መቱ። «ሚ! ኦል አስ! ፍሪ!»

እትዬ ዶረቲ የመደቡ ጠርዝ ላይ፣ የወጠርኩት ሲባጎ ላይ፣ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ምን እንዳሉ መተርጎም የወደቀው በእኔ ላይ ነው። ያ ዱር ያልነው ነገር በስንፍና የመጣ አልነበረም። ማገጡን ዘርተውት ነው፤ ሰማያዊውን ኮከብ በየዓመቱ እየጠበቁ ያሳደጉት ነው። ለራሳቸው አይደለም፤ ለንቦቹ ነው፤ ንቦቹ ደግሞ ከእሳቸው አበባ እየተነሱ የሁላችንንም ቲማቲምና ዱባ ያዳርሳሉ። እኛ የነቀልነው የሰፈሩን ንብ ማዕድ ነበር። ስተረጉም ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። እትዬ ዘነበች መሐል ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ቤተ ክርስቲያን አፈረስኩ በለኝ!» አሉ። ከዚያም በሙሉ ክብደታቸው ጎንበስ ብለው የእትዬ ዶረቲን ጉልበት ሳሙ። አሮጊቷ ደነገጡ፤ ወድቀው መስሏቸው ሊያነሷቸው ታገሉ። አንዷ ልትስም፣ አንዷ ልታነሳ፣ ሁለቱም አፈሩ ላይ ተንከባለሉ። ጋሽ ሰይድ ለመገላገል ገብተው እግራቸው ሲባጎው ውስጥ ተያዘ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ዶረቲ ናቸው። ኮፍያቸውን እያራገፉ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ በዚህ አጭር ሰመር ውስጥ በቶሎ የሚያብብ ምን አላችሁ?

ዞር ብለን አየን። የጋሽ ሰይድ ድምብላል ሊያብብ ጫፉን ሹል አድርጓል። የእትዬ ዘነበች ጎመንም ነበር። የካልጋሪ ሰመር ቀኑ ረጅም ስለሆነ ጎመን ቶሎ ወደ አበባ ይሮጣል፤ እሳቸው በየማታው እየዞሩ እንቡጡን በጥፍራቸው ይቀነጥሱ ነበር። ቢተውት በሳምንት ውስጥ ቢጫ ይሆናል። እትዬ ዶረቲ ለጥፋቱ ካሣ የጠየቁት ይኸው ብቻ ነው፤ ጎመኑን ተዉት፣ ድምብላሉን ተዉት፣ ጎንበስ ብላችሁ ምንም አትንቀሉ።

«ምንም?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ምንም» አልኩ።

እንዲህ ያለ ቅጣት ማንም አልተቀጣም። እሳቸው ባደጉበት አገር ጎመኗ ያበበባት ሴት ወይ ታማለች ወይ ሰንፋለች። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ከጎመኑ ፊት ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊጠይቋቸው ሲመጡ በራሳቸው ቁመት ሊከልሉት ይሞክራሉ።

«ዘነበች፣ ጎመንሽ ምን ነካው?» ትላለች አንዷ።

«ሕክምና ላይ ነው» ይላሉ።

ጎመኑ አበበ። ድምብላሉ እንደ ነጭ ዳንቴል ተዘረጋ። አንድ የማልሠራበት ቀን በጠዋት ሄጄ መደቡ ዳር ቆምኩ። መጀመሪያ ትናንሽ፣ ዝንብ የሚመስሉ መጡ። ቀጥሎ ያቺ ትልቋ፣ ፀጉራሟ፣ ጥቁር ካፖርት በቢጫ አንገት ልብስ የለበሰች የምትመስለው ንብ መጣች። ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ እሷ ግን ደንታ የላትም። ጎመኑን አዳረሰች፤ ከዚያ ወደ ዱባው ዞረችና ራሷን አስቀድማ ወንዴው አበባ ውስጥ ሰጠመች። ስትወጣ ዱቄት ውስጥ የወደቀች ዳቦ ጋጋሪ መስላለች። እየተንገዳገደች ወደ ሴቴዋ ገባች። የምጮህበት ሰው አጠገቤ ስላልነበረ፣ በመንገዱ ለሚያልፈው ፖስተኛ ሁሉንም አስረዳሁት። እሱ ጊዜ ነበረው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አበባ አልቀረም ነበር። የያዘችው አንዲት ዱባ ብቻ ናት። አንዲት! እሷ ግን በየቀኑ ወፈረች። የመጀመሪያው ውርጭ እንደሚመጣ ሬዲዮኑ በተናገረበት ማታ እትዬ ዘነበች የሠርጋቸውን ጋቢ አምጥተው ሸፈኗት። እትዬ ዶረቲ በላዩ ብርድ ልብስ ደረቡ፤ ጋሽ ሰይድ የታክሲውን ምንጣፍ። በማግስቱ ቃሪያውም ቲማቲሙም ጠቁሮ ሲገኝ፣ ዱባዋ ከጋቢው ውስጥ ቀላ ብላ ወጣች። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ቆርጠው፣ በመኪናቸው የፊት ወንበር አስቀምጠው፣ ቀበቶ አስረውላት ወሰዷት።

በመስከረም ሃያ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሞላ። በዱባዋ ልክ የተሠራው ወጥ ግን አንዲት ድስት ነው። እትዬ ዘነበች «ለእንግዶችሽ ሁሉ» ብለዋልና አንድም ሰው ሳይቀምስ መቅረት የለበትም። ጋሽ ሰይድ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ጭልፋውን ያዙ፤ ስንት ሰው እንዳለ በዓይን መጥኖ ማድረስ የታክሲ ነጂ ሥራ ነው አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አውራ ጣት የምታህል ቁራሽ ደረሰች። ሰው ተሰልፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ጠበል ተቀበለ። ልጆቹ ሳይቀሩ ቀመሱ። በመጨረሻ ድስቱ ውስጥ አንዲት ቁራሽ ቀረች፤ አዳራሹ ውስጥ ያልቀመሱትም አንዲት ሰው ናቸው። እትዬ ዶረቲ።

እትዬ ዘነበች ቁራሿን በእንጀራ ጠቅልለው፣ ጉርሻውን ከፍ አድርገው ይዘው ቆሙላቸው። እትዬ ዶረቲ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አመሰግናለሁ፤ ዱባ አልበላም። ሳየውም ደስ አይለኝም» አሉኝ በጆሮዬ። «ለንቦቹ ብዬ ነው የረዳሁት።»

ተረጎምኩ። የእትዬ ዘነበች ክንድ አየር ላይ ቀረ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቄሱን አየሁ፤ ቄሱ ጣሪያውን አዩ። ያ ሁሉ ኩባያ፣ ያ ሁሉ ጋቢ፣ ያ ሁሉ ያልተቀነጠሰ ጎመን፣ አንዲት አሮጊት አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። እኔም እትዬ ዶረቲን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ፤ መሸርተቱን፣ በረንዳውን፣ ስለቱን፣ አለቃውን። እስከዚያን ቀን ድረስ ለካ ማንም አልነገራቸውም! ተሰልፎ ዱባ መቅመስ የአገራችን ደንብ መስሏቸው ነበር።

«ቆይ» አሉ፣ እጃቸውን አንስተው። «እኔ ካልበላሁ ይቺ ሴትዮ መኪና መንዳት ታቆማለች?»

«አዎ።»

«ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹን ማን ያነሳቸዋል?»

«ማንም።»

እትዬ ዶረቲ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ ዘነበች አጎረሷቸው። በርበሬው ሲደርስ ፊታቸው ቀላ፣ እንባቸው ፈሰሰ፣ ግን ዋጡ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ቄሱ በረዥሙ ተንፍሰው «ገብቷል!» አሉ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብለው ጮኹ ጋሽ ሰይድ ከድስቱ አጠገብ። «ድገሚላት!»

ዱባ አልቋል። እትዬ ዘነበች ዙሪያቸውን አይተው በጎመን ደገሙላቸው። እትዬ ዶረቲ አላምጠው፣ እንባቸውን ጠርገው፣ ከመጀመሪያው ይህን ብትሰጡኝ ምን ነበረበት አሉ። በማግስቱ የሥራ ቀን ነበር፤ እትዬ ዘነበች ግን ከሺፍታቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራና ከቤት ውጭ ነዱ። ዲርፉት የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው እስከ ከተማው ጫፍ ሄደው፣ ዞረው ተመለሱ። ምን አደረጉ ብላቸው፣ ምንም፣ ነዳሁ አሉኝ።

ለሜሮን በስልክ የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ እናንተም እባካችሁ ሞክሩት። ጓሮ ቢኖራችሁ ከጓሮው አንድ ጥግ፣ በረንዳ ብቻ ቢኖራችሁ አንድ ሳጥን፣ ለአበባ ተዉ። ድምብላል ይሁን፣ በሶብላ ይሁን፣ ጎመን ይሁን፤ እጃችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ሲያብብ ዝም በሉት። ንብ ለመጥራት ብላችሁ ስኳር በጥብጣችሁ አታስቀምጡ። የጎረቤታችሁን ጫካ ከመንቀላችሁ በፊት ደግሞ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ዱባችሁ ሲያብብ አንድ ቀን በጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ አጠገቡ ቁሙና ያቺን ፀጉራም ንብ ጠብቋት። ስለት ካላችሁም አደራ፣ ሴቴዋ አበባ ፍሬ ይዛ ሳታዩ አፋችሁን አትክፈቱ።